የወይዘሮ ዖርፋ ጥርጣሬና የኮምፒውተሩ አልጀብራ

ዖርፋ ስቲድሃም ማክሰኞና ሐሙስ ከደጃፏ አትወጣም ነበር። እነዚህ ቀናት የልጅ ልጇ ሬይሊን ኮሌጅ የምትሄድባቸው ናቸውና ዊላ የምትባለውን የሬይሊንን የሁለት ዓመት ልጅ የምትይዘው እሷ ነች። ያን ዕለት ግን የፖም ማርማላታ የምታሽግበት የጠርሙስ ክዳን አለቀባት። ማርማላታ ደግሞ ፈልቶ ነገ ና አይባልም። ዊላን አቅፋ በጎረቤቷ በዴልማ መኪና ከተራራው ወደ ከተማ ወረደች።

ክዳኑን ገዝታ ስትወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ቁርስ ቤት መስኮት ውስጥ የምታውቀው ቀይ ፀጉር ታያት። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ሬይሊን ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ፊቷ ያለው መረቅ የፈሰሰበት ዳቦ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

"እህሳ፣ የኮሌጅ ተማሪ!" አለች ዖርፋ በሩን በክርኗ ገፍታ ስትገባ። "መምህሩ ዛሬ ከመረቁ ውስጥ ነው የሚያስተምረው?"

ሬይሊን ደንግጣ ብድግ አለች። "እማማ! ዊላን ይዘሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ጠያቂዋ እኔ ነኝ። በዚህ ሰዓት ትምህርት ላይ ነኝ አላልሽኝም?"

"ይሄ ትምህርት እኮ ሰዓት የለውም። ነግሬሽ ነበር። እያንዳንዱ በራሱ እርምጃ ነው የሚሄደው። ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ትምህርቱን አያለሁ፣ ጥያቄውን እሠራለሁ፣ ሲገባኝ እፈተናለሁ። ብፈልግ ጠዋት፣ ብፈልግ ከሰዓት።"

"ብትፈልጊ ደግሞ ቁርስ ቤት።"

"እረፍት ወስጄ ነው።"

"ከምኑ? ሰዓት የሌለው ነገር እረፍቱን ከየት አመጣው?"

ዖርፋ ትምህርት ቤት የገባችው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ታናናሾቿን ማሳደግ፣ ከዚያ ባል፣ ከዚያ የባልን ሳል ማስታመም ሆነ። ሰው ሲዋሽ ዓይኑ ወዴት እንደሚሸሽ ግን የትኛውም ትምህርት ቤት አያስተምርም፣ እሷ ታውቀዋለች። የሬይሊን ዓይን ወደ መረቁ ሸሸ።

"ማነው ሰውዬው?"

"የምን ሰውዬ?"

"ሴት ልጅ ሰዓቱ የማይታወቅ ጉዳይ ካላት፣ ከጉዳዩ ጀርባ ሰውዬ አለ።"

"ኧረ ሰውዬ የለም እማማ! አልጀብራ ነው!"

በአጠገባቸው ያሉ ሁለት ሽማግሌዎች ዞረው አዩ። "እናንተ ደግሞ ማፍጠጣችሁን ትታችሁ ብሉ፤ ይቀዘቅዝባችኋል" አለቻቸውና ወደ ሬይሊን ተመለሰች። "ስሚኝ ልጄ። ትምህርቱ አሥራ ሁለት ምዕራፍ አለው ብለሽኛል። እስከ ገና ካልጨረስሽው የነርስ ትምህርት ቤቱ አይቀበልሽም ብለሽኛል። ካልተቀበለሽ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ልብስ ማጠቢያ ትመለሻለሽ፣ እንደ እናትሽም በሠላሳ ዓመትሽ ወገብሽ ይጎብጣል። አሁን ወሩ ጥቅምት ነው፣ አንቺ ደግሞ መረቅ ታያለሽ። ወይ ዛሬውኑ ይህን ትምህርት ቤት ወስደሽ በዓይኔ ታሳዪኛለሽ፣ ወይ ከሐሙስ ጀምሮ ልጅሽን የሚይዝልሽ ሌላ ሰው ትፈልጊያለሽ።"

ሌላ ሰው እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ሬይሊን ቦርሳዋን አነሣች።

ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ወደ አርባ የሚሆን ኮምፒውተር በረድፍ ተደርድሯል። ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። አንዱ ገና ሲገባ አንዱ ጃኬቱን ለብሶ ይወጣል። ደወል የለም። ጥቁር ሰሌዳ የለም። ፊት ቆሞ የሚናገር መምህርም የለም።

"ምእመናኑን አየሁ" አለች ዖርፋ። "ሰባኪው የት ሄደ?"

ይህን ብላ ሳትጨርስ ሌላ ነገር አየች። በሦስት ኮምፒውተሮች አናት ላይ ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ተደፍቷል። ያን ኩባያ በዚያ አገር የማያውቀው የለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቱ በየጓሮው ቢራ የሚቀዳበት፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው በጫማው ጫፍ ከመንገድ የሚገፋው እሱን ነው።

"ጌታ ሆይ! ገና ሳይረፍድ ጨልጠው ደፍተውታል!" አለች። ማዳመጫ ያደረጉት ሁሉ ሳይቀሩ ሰሟት።

ከኋላ በኩል አንድ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣት የጎደለው ሰው በእርጋታ መጣ። "ደህና አደሩ እመቤቴ። ሆባርት ኮምብስ እባላለሁ፤ የዚህ ክፍል መምህር ነኝ።"

"ማደሬን በኋላ እንጠያየቃለን። ይህ ትምህርት ቤት ነው መጠጥ ቤት?"

ሚስተር ኮምብስ አንዱን ኩባያ አንስቶ ሰጣት። "ያሽትቱት።"

አሸተተች። ፕላስቲክ ብቻ ይሸታል።

"ተማሪ ሲቸግረው ኩባያውን እዚያ ላይ ይደፋዋል" አለ። "እኔ አይቼ እመጣለሁ። እጁን አንስቶ እስኪዝል አይጠብቅም፣ ስሙንም የሚጠራ የለም።"

"እንግዲህ ደሞዝ የሚበሉት ኩባያ በመጠበቅ ነዋ!"

"በትክክል ለዚያው ነው" አለ ሳይቆጣ።

የማይቆጣ ሰው ዖርፋን ይበልጥ ያስጠረጥራታል። ዊላን ወደ ሌላው ጎኗ አዛወረችና ቀጠለች። "ፈተናውን ደግሞ ወድቀው ወድቀው ይደጋግሙታል ይባላል። ሲደጋግሙትማ በግም ብትሆን ታልፋለች! በእኛ ጊዜ የወደቀ ወደቀ ነበር።"

"እውነት ነው፣ የወደቀ ወደቀ ነበር" አለ ሚስተር ኮምብስ። "እኔ ራሴ ከወደቁት አንዱ ነኝ። ክፍልፋይ የሚባለውን ትምህርት መምህራችን በአንድ ሳምንት ጨረሱት፤ እኔ ያን ሳምንት ታምሜ ነበር። ስመለስ ክፍሉ አልፎ ሄዷል። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደ አጥር እንጨት ተተክዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጉድጓድ ወርጄ ድንጋይ ከሰል ቆፈርኩ። ማዕድኑ ሲዘጋ፣ ሃምሳ ዓመቴ ላይ፣ እንዲህ ካለ ክፍል ገብቼ ከዚያችው ክፍልፋይ ጀመርኩ። ማንም ጥሎኝ አልሄደም። ፈተናው ሲደገም ደግሞ ቁጥሩ ይቀየራል እመቤቴ፤ መልስ ሸምድዶ ማለፍ የለም። ከመቶ ሰማንያ ያላመጣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አይሻገርም። እርስዎ ዳቦ ሲጋግሩ የሚያወጡት ጎረቤት ሲያወጣ ነው ወይስ ሲበስል?"

"ሲበስል ነዋ! ምን መሰልኩዎት?"

"እንግዲያው የኛም እንደዚያው ነው።"

"ጎሽ። ግን የኔ ዳቦ ምድጃውን ጥሎ ቁርስ ቤት አይቀመጥም።"

ሚስተር ኮምብስ ሳቀ፤ ወዲያውም ሳቁን ዋጠው። "እዚህ ላይ ያሸንፉኛል። የዚህ አሠራር ጉዱ ይኸው ነው። ደወል የሚጠራው የለም፤ ራሱን የማይጎትት ሰው ቀስ እያለ ይጠፋል። ሬይሊን፣ የትምህርትሽን መዝገብ ለአያትሽ ላሳያቸው? ያንቺ ፈቃድ ነው።"

ሬይሊን አንገቷን ደፍታ እሺ አለች።

ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች ወጡ። ማንበብ ላይ ዖርፋ እምብዛም ናት፣ ቁጥር ግን ታውቃለች። አራተኛው ምዕራፍ ፊት አሥራ አንድ ቀይ መስመር ተደርድሯል።

"አሥራ አንድ ጊዜ ሞክራለች" አለ መምህሩ። "በሦስት ሳምንት ውስጥ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ጭራሽ አልመጣችም። ኩባያዋ አንድም ቀን ከጠረጴዛው ሥር አልወጣም። ሁለቴ ሄጄ እንዴት ነሽ ብያት ነበር። 'ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ' አለችኝ።"

እነዚያ ተራሮች መሐል የሚኖር ሰው ቤቱ እየነደደም 'ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ' ይላል። ጨዋነት ነው ይሉታል። ጨዋነቱ ስንቱን ሰው በቁሙ እንደቀበረ የቆጠረው የለም።

"ምነው ልጄ፣ ሰውየው እዚሁ ቆሞልሽ?" አለች ዖርፋ።

ሬይሊን ወደ እሷ ዞረች። "አንቺ አይደለሽ እንዴ 'ስቲድሃም የማንንም ደጅ አይጠናም' ያልሽኝ? አያቴ ሲሞት ሰዎቹ ምግብ ይዘው ሲመጡ ከበር የመለስሻቸው አንቺ አይደለሽም? እኔ ያን ኩባያ ደፍቼ አርባ ሰው ፊት 'አልገባኝም' ልበል? ደግሞ ለአንቺ ምን ብዬ ልንገርሽ? ልጄን ይዘሽልኝ እየዋልሽ እኔ እዚህ እየወደቅሁ ነው ልበልሽ?"

ዖርፋ ሰውየውን ልትከስ መጥታ ክሱ ዞሮ በራሷ ደጅ ገባ። ዊላ ከዖርፋ ቀሚስ አንገት ላይ ያለውን ቁልፍ እየጎተተች ነው።

ዖርፋ ጎንበስ ብላ ኩባያውን ከጠረጴዛው ሥር አወጣችና ኮምፒውተሩ አናት ላይ ደፋችው። መምህሩ ከአጠገባቸው ክንድ አይርቅም።

"ሥርዓታችሁ ይህ ከሆነ ይሁን" አለች። "ልጅቷ አልገባትም። ያስረዱልን።"

ሚስተር ኮምብስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ ያለው ጥያቄ ይህ ነበር፦ 20 − 3(x + 2) = 8። ሬይሊን ኤክስን ስድስት ብላለች፤ ኮምፒውተሩ ስህተት ነው ብሏታል።

"ቁጥሩን ተዪው" አለ። "እሑድ ምሳ ነው። አያትሽ ቤት ሃያ ሰው ተቀምጧል። ሦስት ቤተሰብ ተሰናብቶ ሄደ። በእያንዳንዱ መኪና አባትና እናት አሉ፣ ልጆችም አሉ፤ የልጆቹ ቁጥር በሦስቱም መኪና እኩል ነው። ማዕዱ ላይ ስምንት ሰው ቀረ። በየመኪናው ስንት ልጅ አለ?"

"ሁለት" አለች ዖርፋ።

ሁለቱም ዞረው አዩአት።

"ምን ያስደንቃል? አሥራ ሁለት ሰው ሄደ፣ በየመኪናው አራት። ከአራቱ አባትና እናት ሲወጡ ሁለት ልጅ። ለስንት ሰው ስጋግር ኖሬ ይህ ይጠፋኛል?"

"እንግዲያው ሬይሊን የሠራችውን ይመልከቱ" አለና መምህሩ በእርሳስ ጻፈው። "ከሃያው ላይ ልጆቹን ቀንሳለች፤ ሦስት ጊዜ ኤክስ። ቅንፉን ስትፈታ ግን ወላጆቹን፣ ሦስት ጊዜ ሁለት፣ ስድስቱን ሰዎች፣ ደምራቸዋለች።"

ዖርፋ ወረቀቱን አየች፣ የልጅ ልጇን አየች። "አንቺ ልጅ! ልጆቹን ብቻቸውን መኪና ላይ ጭነሽ፣ ወላጆቻቸውን አዲስ እንግዳ አድርገሽ ማዕድ ላይ አስቀመጥሽብኝ? ዶሮውን ከየት ላመጣላቸው ነው?"

ሬይሊን እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አይ! ከቅንፉ ፊት ያለው መቀነሻ ለሁለቱም ይደርሳል ማለት ነው! አባትና እናቱም ይሄዳሉ!"

"ይሄዳሉ እንጂ። ማን ይነዳል ታዲያ?"

ሬይሊን ሌላ ጥያቄ ሠራች፤ ከዚያም ሌላ። ቁጥሩ ተቀያየረ፣ መንገዱ አልጠፋትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፈተናውን ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ወሰደች፤ ዘጠና አመጣች። አምስተኛው ምዕራፍ ተከፈተላት።

በሬይሊን መኪና ሲመለሱ ከተማው አልቆ ጠመዝማዛው መንገድ ጀመረ። ዖርፋ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ "'ደጅ አትጥኚ' ያልኩሽ እኔ ነኝ" አለች። "እኔው ላንሣው። ስህተት ነው። አባቴ አስተማረኝ፣ እኔም ሳልመረምረው አወረስኩሽ። ሰውን መለመንና የማያውቁትን መጠየቅ አንድ አይደሉም፤ ስልሳ ስምንት ዓመት ሲምታታብኝ ኖሯል።"

"እማማ፣ አንቺ እኮ..."

"አታቋርጪኝ፤ ይህን ሁለት ጊዜ አልናገረውም። ሦስት ሳምንት ከስረሻል። ከነገ ጀምሮ ዊላን አምስቱንም ቀን እይዛታለሁ። አንቺ ኮሌጁ ሲከፈት ገብተሽ ሲዘጋ ትወጫለሽ። ቁርስ ከቤት ትበያለሽ።"

እንደተባለው ሆነ። ሬይሊን አንዳንዱን ምዕራፍ በሁለት ቀን ዘለቀችው፤ አንዱ ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። ገና ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው አሥራ ሁለተኛውን ዘጋች። የነርስ ትምህርት ቤቱም ተቀበላት።

ዴልማ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ "ማሽን ነው ያስተማራት አሉ፤ ያለ መምህር የተማረች ነርስ መርፌ ልትወጋኝ ነው?" ብትል ዖርፋ እንዲህ መለሰችላት፦

"ዴልማ፣ እኔም አንቺ ያልሽውን ሁሉ ብያለሁ፤ ከአንቺም አብልጬ። ሄጄ አየሁ። መምህር አለ፤ ለፈላፊ አይደለም እንጂ። ልጅ ያላት ልጇን አስተኝታ ትሄዳለች፣ የሌሊት ሥራ ያለው ተኝቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ፈጣኑ ዘገምተኛውን አይጠብቅም፣ ዘገምተኛውም ተጥሎ አይቀርም። ሳያውቅ አውቋል ተብሎ የሚገፋ የለም። ነርሷ መድኃኒት ስትሰፍርልሽ ግማሹን ብቻ ገብቷት ያለፈች እንድትሆን ትፈልጊያለሽ? እኔ አልፈልግም። ግን ልጅሽን ስትልኪ አንድ ነገር ንገሪያት፦ አልገባኝም ማለትን ከቤቷ ተምራ ትሂድ። ያንን ኮምፒውተሩ አያስተምራትም።"

ሬይሊን የነርስ ትምህርቷን በጀመረች በሳምንቱ፣ ዊላ ተኝታ፣ ዖርፋ ሬይሊን መጽሐፎቿን ዘርግታ ወደምታጠናበት ወጥ ቤት ገባች። ከሽርጧ ኪስ አንድ የመድኃኒት ጠርሙስ አውጥታ በመጽሐፎቹ መካከል አስቀመጠችው።

"ይህን አንብቢልኝ" አለች።

ሬይሊን ቀና ብላ አየቻት። ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አዞረችና ቀስ ብላ አነበበች። "አንድ ፍሬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር።"

"ከምግብ ጋር" አለች ዖርፋ። ለሁለት ዓመት በባዶ ሆዷ ስትውጠው ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጇን እንደገና ወደ ኪሷ ሰደደች።

"ቆዪ፣ መጽሐፉን አትክፈቺ። ሌላ ሁለት አለ።"