ሊንን አባቷ የከሰሷት ጊዜ

በእኛ ዘመን፣ ልጆቼ፣ አባቱን አልጠይቅም ያለ ልጅ የሚፈራው እርግማን ነበር፤ ቢበዛ ሽማግሌ ይላክበታል እንጂ ዳኛ ፊት የሚያቆመው አልነበረም። ታዲያ እዚህ ቬጋስ ካዚኖ ውስጥ አንሶላና ፎጣ ሳጥፍ፣ አብራኝ የምትሠራ ሊን የምትባል ቻይናዊት ነበረች፣ እና አንድ ቀን ብሬክ ላይ ዓይኗ አብጦ አየሁና "ምነው ሊን?" አልኳት።

"አባቴ ከሰሰኝ።"

"ምን በድለሻቸው?"

"ሄጄ አልጠየቅኩትም፤ ስንት ዓመቴ። አገሬ አሁን ልጅ ወላጁን ይጠይቅ የሚል ሕግ አለ።"

እኔ ግራ ገባኝ፤ እውነቴን ነው፣ ግራ ገባኝ። "ቆይ፣ እናንተ አባት አክብሩ የሚል የኮንፊሺየስ ትምህርት ከጥንት አላችሁ አይደል? ታዲያ ሕጉ ምን ያደርጋል?" አልኳት።

እሷም እጇን እንዲህ እያወራጨች፣ "አያቴ፣ ይሄ ከልብ የሚመጣ ነው፣ ሰው ቅጣት ፈርቶ ካደረገው ይሉኝታው ይጠፋል ይል ነበር። አሁን ልጁ ሁሉ ለሥራ ወጥቶ ወላጁ ብቻውን ቀረ፣ እና የልቡን ነገር ሕግ ላይ ጻፉት" አለችኝ።

ታዲያ ቫኬሽን ወስዳ አገሯ ሄደች። ተመልሳ እንደነገረችኝ፣ አባቷ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ምሳ ዕቃ ይዘው ጠበቋት፣ "መንገድ ላይ አልበላሽም" ብለው ሰጧት። ከሳሽ ለተከሳሽ ምሳ ሲያቀብል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

"አባዬ፣ የምትፈልገው እኔን ነው ወይስ ሕጉን?" ብትላቸው፣ "እኔ እንጃ፤ ሌላ የማንኳኳው በር አጣሁ" አሏት። ዳኛውም ቶሎ ቶሎ ጠይቂያቸው ብሎ አስታረቃቸው። ታዲያ ይሄ ዳኛ ነው ሽማግሌ?

እኔም ይሄንኑ ለልጄ ለሂሩት በስልክ ነገርኳት። እሷ ሎን ማውንቴን ሰፈር ናት፣ እኔ ዊትኒ ሰፈር፤ አንድ ከተማ ሆነን ከፋሲካ ወዲህ አላየኋትም ነበር። እሷም "አባዬ፣ ልትከሰኝ ነው?" አለችኝ።

"ኧረ ጨዋታ ነው" አልኳት።

ቅዳሜ ከነልጆቿ መጣች። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣች። ወዳኝ ይሁን ፈርታኝ ይሁን አላውቅም፣ አልጠይቃትምም፤ መልሷን እፈራለሁ።

"ጋሽ ታደሰ፣ ሲመጡልዎ ግን ደስ አላለዎትም?" (ከሚያዳምጡት አንዱ ጠየቀ።)

ደስ ብሎኛል እንጂ፤ ግራ ያጋባኝስ እሱ አይደል? ፈርታም ቢሆን ብቻ ትምጣ እላለሁ። ያን ጊዜ ሕጉን የጻፈው ሰውዬ ይገባኛል። ደግሞ የሊን አያት ትዝ ይሉኛል፣ እና ማን ልክ እንደሆነ ይጠፋብኛል። (ጋሽ ታደሰ ሳቁ።)