ጋሼ፣ ሆድዎ ይዋሻል

ወዳጆቼ፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛትን፣ እዚያ ወንበር ላይ ኮራ ብላ የተቀመጠችውን ሴትዮ መጀመሪያ ያገኘኋት ተጋድማ ነው። ምን ያስቃችኋል? ልጨርስ እንጂ!

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው። እኔ ያኔ ገና ጥርሴ ሙሉ ነበር፤ ሥራዬም በሽተኞችን በተሽከርካሪ አልጋ ከክፍል ክፍል ማመላለስ። አንድ ጠዋት ጨረር ሕክምናው ደጃፍ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት አልጋዬ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። «አይዞሽ እህቴ» እያልኩ አራተኛ ፎቅ አደረስኳት። ነርሷ መዝገቡን ብታገላብጥ ስሟ የለም። ይሄኔ ሴትዮዋ ብድግ ብላ ተቀመጠች።

«በሽተኛ አይደለሁም። አዲሷ የፊዚክስ ባለሙያ ነኝ።»

«ታዲያ ምነው እስካሁን ዝም አልሽ?»

«አልጋው ስንት ጊዜ እንደሚነቀነቅ እየቆጠርኩ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ። ሦስቱ የእርስዎ ጥፋት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላረፍኩም። ስሟንማ ሁላችሁም ረስታችሁታል፤ እትዬ ሚሊሜትር ነው የምትሏት። በሻይ ሰዓት ኬክ ስትቆርስ ያየ ያውቃል፤ ቢላዋውን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ስታነጣጥር ሻዩ ይቀዘቅዛል። ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሩ ሲናገሩ እኛ ፊታቸውን እናያለን፣ እሷ ደረታቸውን። አንዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ስለ ዓመት ፈቃድ ሲያወሩ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ» አለችኝ። ልክ ነበረች። የዚያን ዓመት ፈቃድ ማን አየው?

ባሏና ልጆቿ እዚህ ስላሉ ሥራዋን ላስረዳ፤ ቤት ውስጥ ትንፍሽ እንደማትል አውቃለሁ። እኔ ዕጢ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ በተነፈስን ቁጥር ሳንባውም ጉበቱም ይንሸራተታል፣ ዕጢውም አብሮ ሽርሽር ይሄዳል። ስለዚህ በሽተኛው ሆድ ላይ ትንሽ ሳጥን ታስቀምጣለች፤ ካሜራ ሳጥኗን ይከተላል፤ ስክሪኑ ላይ መስመር ይወጣል ይወርዳል። መስመሩ ከተፈቀደለት ቦታ ሲደርስ ብቻ ጨረሩ ይለቀቃል። በሽተኛው ከሳቀ ሁሉም ነገር ቀጥ። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ በሽተኛ አስቃለሁ። በሩ ላይ «ከዚህ ወዲያ ቀልድ ክልክል ነው» ብላ ለጠፈች። የተለጠፈው ለሕዝብ ነው አሉኝ፤ ግን በእኔ ቁመት ልክ ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት ተራው የኔ ሆነ። ጉበቴ ላይ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ እቅጩን ነገረኝ፤ «የቀረው ጉበትዎ ደካማ ነው። ጨረሩ ዕጢው ላይ ብቻ ማረፍ አለበት። ትንፋሽዎ ካልተስተካከለ አንጀምርም።» ዕጢው በራጅ እንዲለይ ከጎኑ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ ሦስት የወርቅ ቅንጣቶች ቀበሩልኝ። ሚስቴ ስትሰማ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ጉትቻ ነፍገኸኝ፣ ለጉበትህ ወርቅ ገዛህለት?»

ሕክምናው የሚጀመርበት ቀን ደረሰ። እኔ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመቆጣጠሪያ ክፍሏ ስክሪኑን ስመለከት የኖርኩ ሰው፣ ጥሩ መስመር ምን እንደሚመስል ጠፍቶኝ ነው? ሳጥኗ ሆዴ ላይ እንዳረፈች ሆዴን እንደ ወናፍ ነፋ አደርጋለሁ፣ ቀስ ብዬ ዝቅ፣ ነፋ፣ ዝቅ። መስመሩ እንደ ጥልፍ አማረ። አብረዋት ስክሪኑን የሚያዩት ተለማማጆች አጨበጨቡ። እሷ ግን ራጁን ተመለከተች። ወርቆቹ ከሳጥኗ ጋር ሳይሆን በሌላ መንገድ እየሄዱ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸ።

«ጋሼ።»

«አቤት!»

«ሆድዎ ይዋሻል።»

«ስልሳ ዓመት ዋሽቶ ዛሬ ተያዘ በይኛ!»

አልሳቀችም። ያን ከባድ በር ከፍታ ገባችና አጠገቤ ቆመች። «ጨረሩን ለቅቄው ቢሆን የሚያቃጥለው ደህናውን ጉበትዎን ነበር። ምን ሆነው ነው?»

ይሄኔ ቀልድ አለቀብኝ። «ሳልታከም ወደ ቤቴ መልሰሽ እንዳትሰጂኝ ፈርቼ ነው» አልኳት።

«አልሰድዎትም። ብቻ ለኔ ብለው ትንፋሽዎን አያሳምሩት።»

ከዚያ በየማለዳው፣ የመጀመሪያው በሽተኛ ሳይገባ፣ እያስተኛች ታለማምደኝ ጀመር። ስድስት ጠዋት ሞከርን፣ እምቢ አለ። ፍርሃቱ ሲመጣ ትንፋሼ ይሮጣል። በሰባተኛው ጠዋት ያቺ ቀልድ ከልካይ በድምፅ ማጉያው «ጋሼ፣ ቀልድ ልንገርዎት» አትለኝም!

«አንድ ሰውዬ ሐኪም ዘንድ ሄደ።»

«እሺ?»

«ሐኪሙ አልነበረም። ተመለሰ።»

«ከዚያስ?»

«በቃ። ተመለሰ።»

ወገኖቼ፣ ከዚያ የባሰ ቀልድ ሰምቼ አላውቅም! ምኑ ላይ ነው የሚያስቀው እያልኩ ሳውጠነጥን መፍራቴን ረሳሁት። ትንፋሼ እንደ ተኛ ሰው ረጋ። ሳጥኗም ወርቆቹም እኩል ወጥተው እኩል ወረዱ። በአምስቱም የሕክምና ቀን ያንኑ ቀልድ ነገረችኝ። አንዲት ቃል አላሻሻለችም።

እህቴ፣ አሁን የምሬን ነው። ያን ቀን መስመሩ አምሯል፣ ተለማማጆቹ አጨብጭበዋል። አዝራሩን ብትጫኚው ማንም አይወቅስሽም፤ የሚያውቀው ጉበቴ ብቻ ነበር። አንቺ ግን የሚያምረውን አላመንሽም፤ ገብተሽ ምን እንደሆንኩ ጠየቅሽኝ። ስንቱ ከዚያ አልጋ ተነስቶ በእግሩ ሲሄድ መልክሽን እንኳ አያውቀውም፤ ከግድግዳው የሚመጣ ድምፅ ብቻ ነሽ። በነሱም ስም፣ በሚስቴም ስም፣ እግዜር ይስጥልኝ።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። ረጅም እንቅልፍ፣ ሥራ ፈት ጠዋት፣ የሚታዘዝ ጉልበት ይስጥሽ። እናንተ ደግሞ፣ ንግግሩ ረዘመ ብላችሁ ሰዓት የምታዩ፣ እኔ ከሰባት ዓመት በፊት ዝም ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ያስቀረችው ይቺ ናት። ቅሬታ ያለው ለሷ ያቅርብ።

ለጤናሽ!