ከመረዋው ድምፅ ሥር

ዛሬ የምንሰናበታቸው የጥናታዊ ፊልም ባለሙያ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጅ ነርሷ እናታቸው ተወልደው፣ ዕድሜያቸው ሲደርስ በሠፈራቸው ትምህርት ቤት ገቡ። ጠዋት በሰልፍ ላይ ዜና ሲያነቡ ድምፃቸው ከአጥር ውጭ ይሰማ ስለነበር መምህራቸው «መረዋ» ብለው ሰየሟቸው፤ እኛም እስከ መጨረሻው ጋሽ መረዋ አልናቸው።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በፊልም ድርጅት በተራኪነት ተቀጥረው፣ ቀስ በቀስ ካሜራውንም ቅንብሩንም ተምረው፣ መሬታቸውን እየተነጠቁ የሚመናመኑ ነባር ሕዝቦችን ሕይወት ሲቀርጹ ሃያ ሰባት ዓመት ተንከራተቱ። በዚሁ ድርጅት የድምፅ ባለሙያ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተውም ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

ስማቸውን ያስጠራው ግድብ ሊያጥለቀልቀው በነበረ የወንዝ ዳር መንደር የሠሩት ፊልም ነው። የመንደሩን ጥንታዊ ቋንቋ አጥርተው የሚናገሩት አንዲት አሮጊት ብቻ ቀርተው ነበርና፣ ካሜራው ፊት ተቀምጠው አርባ ደቂቃ ሙሉ ተናገሩ። ጋሽ መረዋ ግን የአስተርጓሚውን አጭር ማስታወሻ ይዘው ተመልሰው፣ ተመልካች እንዳይሰለች ብለው፣ በአሮጊቷ ድምፅ ላይ የራሳቸውን ትረካ ጫኑበት፤ የቴፕ እጥረት ስለነበረም ዋናውን ቅጂ አጥፍተው ሌላ ቀረጹበት። ፊልሙ ተሸለመ፤ መንደሩ ሰጠመ፤ አሮጊቷም አስተርጓሚውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ።

ከዓመታት በኋላ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ቢሯቸው ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ የእርስዎን ሰምቻለሁ፤ የአያቴን ያሰሙኝ» ብላ ለመነቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ በገዛ ድምፃቸው ሥር የተቀበረውን ድምፅ ሲፈልጉ ዘጠኝ ዓመት በቅንብር ክፍላቸው ተቀመጡ። ባለቤታቸው መጀመሪያ «ባሌን አሮጊት ቀማችኝ» እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ በኋላ ግን መቀለዱን ተዉት። እሳቸውም «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ ግን ወጥቶ የሰው አፍ ዘጋ» ይሉ ነበር። በመጨረሻ፣ ሲተርኩ ትንፋሽ በወሰዱባት ክፍተት፣ አንዲት ቃል ብቻ ጥርት ብላ ተገኘች። ትርጉሟን የልጅ ልጅየዋም አታውቀውም።

ከዚያ ወዲህ የልብ ድካም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከትናንት በስቲያ ዐረፉ። ሐኪሙ ልብ ነው ቢሉም ቤተሰቡ የገደላቸውን ያውቃል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ያችን አንዲት ቃል ትተዋል። በኑዛዜያቸው መሠረት፣ ይህ ንባብ እንዳበቃ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ መቃብራቸው ላይ ቆማ ቃሏን ትናገራታለች፤ ምርቃት ትሁን እርግማን ግን ከመካከላችን የሚያውቅ የለም። ሁሉን ቋንቋ የሚሰማ ፈጣሪ፣ እንደ ቃሏ ሳይሆን እንደ ምሕረቱ፣ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።