የምታነክሰው ዳክዬዬ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲሁም ኬኩን እያያችሁ እኔን የምትሰሙ የምትመስሉ ባልደረቦቼ፣ ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ንግግሬ አጭር ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ "አንድ ደቂቃ ብቻ" እያልኩ ስላታለልኳችሁ አታምኑኝም እንጂ።

ዳክዬዋን የማያውቅ አለ? ድረ ገጻችን ላይ እየተንጎራደደች ልጆችን ፊደል የምታስተምረውን? የሠራኋት ለልጄ ነበር። ልጄ እስከ አራት ዓመቷ አፏን አልፈታችም። ዳክዬዋ "ሀ" ስትል ነው አብራ "ሀ" ያለችው። እናቷ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል?

ችግሩ፣ ዳክዬዋ የምትሠራው ድረ ገጽ መክፈቻው ብሮውዘር ላይ ለብቻው በሚጫን፣ ፕለጊን በሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ነበር። መምህራን በየቀኑ ይደውላሉ።

"ዳክዬዋ የለችም፤ ግራጫ ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው።"

"ፕለጊኑን ጫኑ።"

"ጫንን።"

"እንግዲያው ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት!"

ዕድሜዬ ያለቀው በዚህ ነው።

ከዚያ መብረቅ መጣች። ይህችን ፊት ለፊቴ የተቀመጠችውን ፕሮግራመር ማለቴ ነው፤ ለፍጥነቷ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። "ጋሼ፣ ብሮውዘሮቹ ፕለጊኑን መቀበል ሊያቆሙ ነው። በክፍት የድር ደረጃዎች፣ ማንኛውም ብሮውዘር በሚያውቀው ቋንቋ፣ እንደገና እንሥራት። ምንም ሳይጫን በየትኛውም ስልክ ትከፈታለች" አለችኝ።

"እኔ በሕይወት እያለሁ ዳክዬዬን ማንም አይነካትም!"

ቢበርም ፍየል ነው የሚባለው ለእኔ ነው። የዳክዬዋን ቅጂ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኩ፣ የኢንተርኔት ገመዱን ነቀልኩ፣ "ማዘመን ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት። ሳቁ፣ ሳቁ! በሳምንት አንዴ አቧራ እየጠረግሁ ብቻዬን አያት ነበር። ልጆቹ ግን፣ ብሮውዘሮቹ ፕለጊኑን ስላቆሙት፣ አያዩዋትም ነበር።

አንድ ጠዋት መብረቅ ስልኳን አቀበለችኝ። ለካ እንደገና ሠርታታለች፤ ዳክዬዋ ስልኩ ላይ ትራመዳለች። ደግሞ በግራ እግሯ ታነክሳለች! ማነከሷ የእኔ ስህተት ነበር። ሃያ ዓመት "ሆን ብዬ ነው" እያልኩ ሸፍኜዋለሁ።

"ለምን አላስተካከልሽውም?"

"ጋሼ፣ ልጆቹ የሚያውቋት እንዲህ ነው።"

ወደዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ሄድኩ። ወረቀቱን በገዛ እጄ ቀደድኩት።

ትናንት ልጄ ደወለች። አሁን እሷም እናት ሆናለች። ከጎኗ የልጅ ልጄ "ሀ! ሀ!" ይላል። "አባዬ፣ ምንም አልጫንኩም እኮ፤ ዝም ብላ ተከፈተች" አለችኝ።

እንግዲህ ደህና ሁኑልኝ። የሠራችሁት ከእናንተ በላይ ይቆይ፤ በሄዳችሁበት ሁሉ በር ይከፈትላችሁ። አንቺም መብረቅ፣ ስታረጂ ሥራሽን ከነእንከኑ የሚወድልሽ ሰው አያሳጣሽ።

አሜን በሉና ኬኩን ቁረጡ።