እሳት ያላነጻው ለውዝ

«ከእኔ እጅ የተበላሸ ለውዝ አልፎ አያውቅም! ዓይኔን ጨፍኜ፣ በአፍንጫዬ ብቻ እለየዋለሁ!» አለች ቆርቆሮ፣ ባዶውን ባልዲ ወገቧ ላይ ደግፋ።

ቆርቆሮ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ዝናብ እንደሚመታው ጣሪያ ስለምትጮህ የሰፈሩ ሰው የለጠፈባት ነው፤ እሷም እንደ ሽልማት ተቀብላዋለች። ትምህርቷን አምስተኛ ክፍል ላይ አቁማ በአጎቷ የለውዝ ቅቤ ቤት መልቀም ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። አጎቷ የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል፤ እሷ ግን ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ «አባባ» ትላቸዋለች። እሷ ትለቅማለች፣ እሳቸው ይቆላሉ፣ ማሽኑ ይፈጫል። እሷን ብትጠይቋት ግን ሥራውን ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት፤ ሐጂና ማሽኑ ያግዟታል።

ያን ጠዋት ጉራዋን የምትነዛው ለጤና ጣቢያው ነርስ ነበር። የለውዝ ቅቤ ከሚያቀርቡለት የሕፃናት ማቆያ ባዶውን ባልዲ ተቀብላ ስትመለስ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ላይ ድንገት ተገጣጠሙ። ሲስተር ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የምትጠብቅ ሴት ናት፤ ቆርቆሮን መጠበቅ ደግሞ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

«ማሻአላህ፣ እንደሱ ከሆነ ደስ ይላል» አለች ሲስተር በመጨረሻ። «እኔማ ዛሬ ወደ እናንተ ልመጣ ነበር። ሰሞኑን ዝናቡ በዝቷል፤ የረጠበ ለውዝ ደግሞ ቶሎ ይሻግታል። ሻጋታው መርዝ ይተዋል። መርዙን ዓይን አያየውም።»

«ቢቆላስ?»

«ቢቆላም ጨርሶ አይጠፋም። ሽታው ይጠፋል፣ መርዙ ይቀራል። ሰው ደጋግሞ ከበላው ጉበቱን ይጎዳዋል፤ ሕፃናትን ደግሞ ከዕድገታቸው ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል ይባላል። እናንተ የምትመግቡት ሕፃናትን ስለሆነ ነው ያሳሰበኝ። በይ፣ ሐጂን ሰላም በይልኝ።»

ሲስተር ሄደች። ቆርቆሮ ግን ባልዲዋን እንዳቀፈች ክው ብላ ቀረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሐሙስ አዲስ ጆንያ ሲመጣ ሐጂ «ጣውላው ላይ አውጪው፣ ከግድግዳውም አርቂው» ብለዋት ወደ ሶላት ሄዱ። እሷም ልታወጣው ነበር፤ ወላሂ ልታወጣው ነበር። ግን በዚያው ቅጽበት ሁለት ጎረቤቶች በልብስ ማስጫ ገመድ መጣላት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ጠብ በየቀኑ አይገኝም። ጆንያውን የኋላውን ግድግዳ አስደግፋ ሮጠች። ሌሊቱን ዘነበ፣ ግድግዳው ውሃ ጠጣ፣ ጆንያውም ከግድግዳው ጠጣ። ቅዳሜ ዕለት እጇን ስትከት እርጥብ አገኘችው። ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ በደረቅ ጆንያ ገልብጣ መለሰችው፤ ለማንም አልተናገረችም። ዛሬ ረቡዕ ነው። ያ ጆንያ ዛሬ ይቆላል፤ ከዙህር ሶላት በፊት ማቆያው ይደርሳል። ማቆያው ውስጥ ደግሞ የታላቅ እህቷ ልጅ አለች፤ ገና ሁለት ጥርስ ያወጣች፣ ያገኘችውን ሁሉ በሁለቱ ጥርሷ የምትሞክር።

መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ቤት ስትደርስ መቁያው ሥር እሳቱ ተለኩሷል። ሐጂ ጆንያውን ከፍተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተዋል።

«ነይ እስቲ፣ ቆርቆሮ። ይሄ ለውዝ ምነው እንደ እርጥብ ካልሲ ሸተተኝ?»

«እኔ እንጃ፣ አባባ። ጣሪያው አፍስሶ ይሆናል።»

ዋሸች። ጣሪያው ምስኪን ምን ብሎ ይከራከራት!

ሐጂ እፍኝ አውጥተው በብርሃን አዩት። አንዳንዱ ፍሬ አረንጓዴ አቧራ የተነፋበት ይመስላል። «ግድ የለም» አሉ። «ዛሬ እሳቱን ጠንከር እናደርግና ጠቆር ይላል። ቢስሚላህ ብለን እንፈጨዋለን፣ አለቀ።»

«አይሆንም፣ አባባ!»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ሲስተርን አሁን መንገድ ላይ አገኘኋት። የሻገተ ለውዝ መርዝ አለው፣ እሳትም አያጠፋውም አለችኝ።»

ሐጂ ሳቁ። «እሳት የማያነጻው ምን አለ? ወተቱን የምናፈላው፣ ሥጋውን የምናበስለው ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ሻጋታውንማ ያቃጥለዋል። ሻጋታው የተፋውን መርዝ ነው የማይችለው። እባቡን ቢገድሉት የነደፈውን ሰው ያድነዋል?»

«አቤት አፍ! እኔ ሠላሳ ዓመት ለውዝ ቆልቻለሁ። ከሐጂ ለውዝ በልቶ ሞተ የተባለ ሰው ሰምተሻል? ይሄው!» አሉና አንዷን አረንጓዴ ፍሬ አንስተው አፋቸው ውስጥ ጣሏት።

«ይሞታሉ! አባባ፣ ይትፉት! ይሞታሉ!»

አኘኩ። ፊታቸው ጭምድድ አለ፤ መሮአቸዋል። ቢሆንም በእልህ ዋጡት። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ቆርቆሮም ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ባዶው መቁያ እሳቱ ላይ ጠሽ ጠሽ ይላል።

«እህ?» አሉ ሐጂ። «እስካሁን አለሁ።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ በሉልኝ። ቆርቆሮ እውነት ይዛ ነበር፤ ግን ጨው አበዛችበት። ሲስተር «ይጎዳል» ያለችውን እሷ «ይገድላል» አደረገችው። ሞት ሳይመጣ ሲቀር እውነቱም አብሮ የተዋረደ መሰለ። ስንቱ ደህና ምክር እንዲህ በመካሪው አፍ ይበላሻል! ደግነቱ ቆርቆሮ ከብዙ ትልልቅ ሰዎች በአንድ ነገር ትሻላለች፤ ስትሳሳት ቶሎ ይገባታል።

«ተሳስቻለሁ፣ አባባ» አለች። «አንድ ፍሬ አይገድልም። ሲስተርም ይገድላል አላለችም፤ ያንን እኔ ነኝ የጨመርኩበት። እሷ ያለችው ሲደጋገም ነው። የማቆያው ልጆች ደግሞ በየቀኑ ነው የሚበሉት፣ ሆዳቸውም እንደ እርስዎ ሆድ የጠና አይደለም።»

«ከልጆቹ አንዷ የእህትሽ ልጅ አይደለችም? ያቺን ባለ ሁለት ጥርስ የምመርዝ ሰው መስዬሽ ነው?»

«ስላልመሰሉኝ እኮ ነው የምጨቀጭቅዎት።»

ሐጂ ተነሥተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። አሁን ቀልዱ ከፊታቸው ጠፍቷል። «እንግዲያው ስሚ። ይሄ ሪዝቅ ነው። አላህ የሰጠውን መድፋት ኢስራፍ፣ ብክነት ነው፤ ነገ ያስጠይቀኛል። ደግሞ ለማቆያው ከዙህር በፊት አደርሳለሁ ብያለሁ። ቃል አማና ነው፣ አደራ ነው። አንቺ መንገድ ላይ በሰማሽው ወሬ ሁለቱን ላፍርስ?»

ሐጂ መጥፎ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ክርክሩ እንዴት በቀለላት! ግን ሚዛን ላይ ሁልጊዜ አንድ ማንኪያ ጨምረው የሚሰጡ፣ የታመመ ጎረቤት ሳይጠይቁ የማያድሩ ሰው ናቸው። ሊያታልሉ አልፈለጉም። የሚያውቁት ሁሉ እሳት ያነጻል የሚል ብቻ ነበር። ሰዓቱ ደግሞ ይሄዳል፤ መቁያው ግሏል።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮህ፣ «መድፋት የሚባለው የሚበላ ነገር ሲደፋ ነው። ይሄ ድሮ ተደፍቷል፤ እርጥበቱ ነው የደፋው። ለእኛ የቀረን የልጆቹን ሆድ መድፊያ አለማድረግ ነው። ቃል ገብቻለሁ ያሉትም ምግብ ለማድረስ ነው እንጂ ጤና የሚነሳ ነገር ለማድረስ አይደለም። የመስጊዱ ኡስታዝ ምግብ ሐላል መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ ንጹሕና ጥሩም መሆን አለበት ይሉን የለ? የሕፃን ሆድስ አማና አይደለም?»

ሐጂ ዓይናቸውን ወደ ጆንያው መለሱ።

«ነቢዩ፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ በአንድ እህል ሻጭ በኩል ሲያልፉ እጃቸውን ክምሩ ውስጥ ከተው እርጥብ አገኙ። ምንድን ነው ቢሉት ዝናብ መታው አለ። እሳቸውም…»

«ይሄን ታሪክ ለማን ነው የምትነግሪው? ያስተማርኩሽ እኔ!»

«አውቃለሁ። ሲያስተምሩኝ ግን ‹ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም› ተባለ ነው ያሉኝ። ቆልተህ አጥቁረው ተባለ አላሉኝም።»

«ያ ሰውዬ ደብቆ ነው። እኔ ማንን ደበቅሁ?»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ጠቆር እናድርገው አሉ?»

ሐጂ የመቁያውን ረጅም ማንኪያ አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ሽታው እንዳይታወቅ» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «አስተግፊሩላህ… ሽታው እንዳይታወቅ ነው።»

ቆርቆሮ አሸነፍኩ ብላ ትንፋሿን ልትለቅ ስትል ሐጂ ቀና አሉ።

«ጣሪያው ግን አያፈስም። ባለፈው ወር ራሴ ወጥቼ ጠግኜዋለሁ። ይሄ ጆንያ በምን ረጠበ?»

ቆርቆሮ ነፋስ ነው ማለት ትችል ነበር። መስኮት ነው ማለት ትችል ነበር። ለመዋሸት አፏ መቼም ታክቶ አያውቅም። ግን አሁን ከዋሸች፣ ነገ ዝናብ ሲመጣ ጆንያው እዚያው ግድግዳ ሥር ይቆማል፤ ሐጂም ጣሪያ ላይ ወጥተው የሌለ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። እውነቱን ብትናገር ደግሞ፣ ሐጂ ከእንግዲህ አንዲት ፍሬ እንኳ አምነው ካልሰጧትስ? ከዚህ ቤት ሌላ የምታውቀው ሥራ የለም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሐሙስ ዕለት ጣውላው ላይ አላወጣሁትም። ግድግዳ አስደግፌው ጠብ ለማየት ሄድኩ። ቅዳሜ እርጥቡን አገኘሁት፣ አድርቄ መለስኩት። ሲሸትም አውቄ ነበር።»

«ከቅዳሜ ጀምሮ?»

«ከቅዳሜ ጀምሮ።»

«ይሄን ሁሉ ቀን ከእኔ ደብቀሽ ነው ስለ መደበቅ የምትሰብኪኝ?»

«አዎ» አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «መደበቅ እንዴት እንደሚከብድ ከእርስዎ በላይ ስለማውቅ ነው።»

ሐጂ ጎንበስ ብለው እሳቱን አጠፉ።

«አንቺ ከእኔ ደበቅሽ፤ እኔ ደግሞ ከእናቶች ልደብቅ ነበር። ስልኬን አምጪ።»

የማቆያው ኃላፊ ድምፅ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። «ሐጂ! ሠላሳ ልጅ እኮ ምሳ ይጠብቃል! አሁን ነው የሚነግሩኝ?»

«እውነትሽን ነው፣ እህቴ። ለውዙ ረጥቦ ሻግቷል። የቤታችን ጥፋት ነው። የሻገተ ለልጆች አልሰጥም።»

«የቤታችን» ነው ያሉት፤ የቆርቆሮን ስም አላነሡም።

«እሺ፣ ዛሬ ድንች እንቀቅላለን» አለች ኃላፊዋ፣ ድምፅዋ ለስልሶ። «ሐጂ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ፈጭቶ ይልክልን ነበር። አዲሱን ሲያዘጋጁ ይደውሉልኝ፤ ከሌላ አልወስድም።»

የሻገተውን ለውዝ እንስሳም እንዳይበላው በአመድ ለውሰው ከቤቱ ኋላ ሊቀብሩት ወጡ። ሐጂ በዶማ ያላላሉ፣ ቆርቆሮ በአካፋ ታወጣለች። ታወጣለች መባሉ ለክብሯ ነው፤ ሦስት አካፋ እንዳወጣች ምላሷ ተመለሰላት።

«ከዛሬ ጀምሮ፣ አባባ፣ ጆንያ ሁሉ ጣውላ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ይርቃል። ሲመጣ እጃችንን እስከ ታች ከትተን እናያለን። የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ የተሰነጠቀውን ከመቆላቱ በፊት እንለቅማለን፤ እኔ አንድ ጊዜ፣ እርስዎ አንድ ጊዜ። ጥቂት ጥቂት ነው የምንገዛው፤ ክረምቱን ሙሉ አይከርምም። እንዲህ ስናደርግ ልጆቹ ጤና ያገኛሉ፣ እናቶች ያምኑናል፣ እርስዎም ሶላትዎ ላይ ሲቆሙ ልብዎ አይወላውልም። ሥራ እኮ ዒባዳ፣ አምልኮ የሚሆነው በልቶ የሚሄደው ሰው ደህና ሲሆን ነው። የተበላሸ ያገኘ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ይናገራል እንጂ አይደብቅም፤ አይቆጡም፣ አይደል?»

«አልቆጣም» አሉ ሐጂ፣ ከዶማው ሳያርፉ። «በተናገረ ሰው ላይ አይቆጡም። ይሄን ያልሽው ሁሉ ይሁን። ሲስተርንም ጥሪያት፣ መጥታ ትይልን።»

የቆርቆሮን ፊት ደስታ ሞላው። አካፋውን መሬት ላይ ተክላ፣ አገጯን እጀታው ላይ አስደግፋ፣ ሰፈሩን ሁሉ እንደምታስተዳድር ሰው ዙሪያውን ተመለከተች።

«አይ አባባ! እኔ ባልኖር ኖሮ ዛሬ ምን ይሆን ነበር?»

«ለውዙ አይረጥብም ነበራ!» አሉ ሐጂ። «ቆፍሪ!»