እሁድ የተያዘችው መኪና

ከአሰብ ያስመጣኋትን በሪሞት የምትነዳ የአሻንጉሊት መኪና ከበረባሶ ጫማ የተቆረጠ አዲስ ጎማ ገጥሜላት፣ እሁድ ሸዋ ሮቢት አስፋልት ዳር ለሙከራ ለቀቅኳት። ለካ ነዳጅ ይቆጠብ ተብሎ እሁድ ያለ ፈቃድ መንዳት ክልክል ኖሯል! የቀበሌው ጥበቃ ጋሼ ሰይድ ጠመንጃቸውን ደግነው "ቁም!" አሉ። ደንግጬ ሪሞቱን ብብቴ ውስጥ ስሸጉጥ መኪናዋ ቆመች። ጎንበስ ብለው በመስኮቷ አዩ።

"ሹፌሩስ?"

"እኔም እሱን እያሰብኩ ነው፣ ጋሼ።"

"ወላሂ፣ ዘሎ አምልጧል!"

መኪናዋን ታቅፈው ቀበሌ፣ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ወሰዷት። "ጓድ ሊቀ መንበር፣ የኔ ናት እኮ!" ብል፣ "ሹፌሩ ሲያዝ እሱ ይታሰራል፣ እሷ ትለቀቃለች። በል አብረህ ፈልግ!" አሉኝ። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ሪሞቱን በብብቴ እንደያዝኩ ከጋሼ ሰይድ ጋር ፍለጋ ወጣሁ። ሹፌሩ ይኸው እስከ ዛሬ አልተገኘም።