ውሻ የተባለው አንበሳ

በጣልያን ጊዜ ነው። ልደታ አጠገብ ነበር የምንማረው። መምህራችን የኔታ ወልዴ ፊደል ካስቆጠሩን በኋላ ጭቃ አስቦክተው፣ "በሉ፣ እጃችሁ የወደደውን ሥሩ" ይሉን ነበር። አንድ ቀን እኔ ዘውድ የደፋ አንበሳ ሠርቼ እንዳበቃሁ፣ ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠረው ጣልያን ሳይታሰብ ገባ። ያን ጊዜ የንጉሡን አንበሳ መሥራት ቀርቶ ስሙን ማንሳትም ያሳስራል። የኔታ ክው ብለው ቀሩ። እኔ ቶሎ ብዬ ዘውዱን በአውራ ጣቴ ደፈጠጥኩት።

"ይሄ ምን?" አለኝ ጣልያኑ በተሰባበረ አማርኛ።

"ውሻ ነው፣ ጌታዬ።"

"ይሄ ሁሉ ጠጉር?"

"የእንጦጦ ውሻ ነው፤ እዚያ ብርዱ አይጣል ነው።"

"እንዴት ይጮሃል?"

"ሃው! ሃው!" አልኩ። ልጆቹ ሁሉ ተቀበሉኝና ክፍሉ በውሻ ጩኸት ተናጋ። ሰውየው እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ከዚያም "ቆንጆ ነው! ለቢሮዬ" ብሎ አንበሳዬን አቅፎ ይዞት ሄደ። እኔ አልቅሼ ልሞት ደረስኩ።

የኔታ በሩን ገርበብ አድርገው መለስ አሉና፣ "አይዞሽ ልጄ" አሉኝ፤ "እሱ አገራችንን ያዘ፣ አንበሳችን ደግሞ ቢሮውን ያዘበት።"